ሰዎች ወደ ፎቶግራፍ ክበብ የሚገቡበትና ከክበቡ የሚርቁበት ምክንያት፦ ከዘንዘልማና ከባሕር ዳር አንጻር የቀረበ ትንተና

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ ሰዎች በአካባቢያቸው ወደሚቋቋም የፎቶግራፍ ክበብ ለምን እንደሚገቡና ለምን እንደሚርቁ ይመረምራል። የትንተናው ማዕቀፍ የባሕር ዳር ከተማና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ የሚገኝበት ዘንዘልማ ነው። ጽሑፉ በመጠይቅ ወይም በቆጠራ ላይ የቆመ አይደለም። ስለ ማኅበራትና ስለ ክበባት የቀረቡ ንድፈ ሐሳቦችን ከአካባቢው የሥራ ወቅት፣ የመረዳጃ ልማድና የፎቶግራፍ አገልግሎት ጋር በማገናዘብ በመስክ ሊፈተኑ የሚችሉ መላ ምቶችን ያቀርባል። ዋናው መከራከሪያ የፎቶግራፍ ፍቅር ብቻውን አባልነትን አያጸናም የሚል ነው። ሰው በክበብ የሚጸናው ብቻውን ሊያገኘው የማይችለውን ነገር በክበቡ ሲያገኝ ነው። በጣና ዳርቻ ይህን ሊያሟላ የሚችለው የአካባቢውን ገጽታ በየዓመቱ ከአንድ ቦታ እየደጋገሙ የመመዝገብ የጋራ ሥራ እንደ ሆነ ጽሑፉ ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ የፎቶግራፍ ክበብ፣ አባልነት፣ የጋራ ጥቅም፣ ይሉኝታ፣ ተደጋጋሚ ፎቶግራፍ፣ ዘንዘልማ

1. መግቢያ

በጥር ወር ቅዳሜና እሑድ ከቀትር በኋላ በባሕር ዳር የሐይቅ ዳርቻ ያለፈ ሰው ሙሽሮችን፣ ሚዜዎችንና በዙሪያቸው የሚሯሯጡ ፎቶ አንሺዎችን ሳያይ አይመለስም። የምረቃ ወቅት ሲደርስ ደግሞ ቦታውን ጋዋን የለበሱ ተመራቂዎችና ቤተሰቦቻቸው ይረከቡታል። ዐባይን ተሻግሮ በሚገኘው ዘንዘልማ የግብርና ተማሪው የታመመ ቅጠል፣ የተሸረሸረ ማሳ ወይም የሙከራ መደብ በእጅ ስልኩ ያነሣል። ፎቶ የሚያነሣ ሰው መብዛቱ ግን በራሱ ክበብ አይፈጥርም፤ የተፈጠረውንም አያቆይም። በየትምህርት ተቋሙ ክበባትን ያስተባበረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው በመጀመሪያው ስብሰባ አዳራሽ የሞላ ክበብ በሦስተኛው ወር በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ይቀራል።

ይህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ በፍላጎት ማነስ ይተረጎማል። «ወጣቱ ትዕግሥት የለውም» ወይም «ሰው ለጥበብ ደንታ የለውም» ይባላል። ይህ ማብራሪያ ሁለት ድክመቶች አሉት። አንደኛ፣ ከክበቡ የቀረው ሰው ፎቶ ማንሣቱን አለመተዉን አያስረዳም። ሁለተኛ፣ ያው ሰው በዕድሩ፣ በዕቁቡና በጽዋ ማኅበሩ ለዓመታት ሳያጓድል የሚገኝበትን ምክንያት አይነግረንም። ስለዚህ ጥያቄው ሰዎች መሰባሰብ ይወዳሉ ወይስ አይወዱም የሚለው ሊሆን አይችልም። የፎቶግራፍ ክበብ ለአባሉ ምን ይሰጠዋል፣ ምንስ ያስከፍለዋል ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል።

የጥያቄው ፋይዳ በክበብ አስተዳደር የሚወሰን አይደለም። የጣና ዳርቻና በባሕር ዳር ዙሪያ ያለው የእርሻ መሬት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ገጽታቸው እየተለወጠ ነው። ለውጡን የሚያስታውሱ ፎቶግራፎች በግለሰቦች ስልክ፣ በተዘጉ ፎቶ ቤቶች ነጋቲቭና በቤተሰብ አልበም ተበትነዋል። የተበተነውን የሚያሰባስብና የነገውን በሥርዓት የሚመዘግብ ስብስብ ካልኖረ የአካባቢው የምስል ትውስታ ከባለቤቶቹ ጋር ያልፋል።

2. ታሪካዊና ንድፈ ሐሳባዊ መነሻ

በእንግሊዝ ፎቶግራፍ ከመነሻው ከማኅበር ጋር የተያያዘ ነበር። ዛሬ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የፎቶግራፍ ማኅበር የሚባለው ድርጅት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1853 ነው። አባላቱ የኬሚካል ቅመማን፣ የኅትመት ስልትንና የውበት ክርክርን በስብሰባ ይለዋወጡ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ሙያው የተስፋፋው በሌላ መንገድ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያገለገለው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሙያውን ለልጆቹ አውርሷል፤ እነርሱም በተከታዮቹ ነገሥታት ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ሆነዋል። ቆይቶ በየከተማው የተከፈቱት ፎቶ ቤቶችም ዕውቀቱን ያስተላለፉት ረዳት ቀጥሮ በጨለማ ክፍል ውስጥ በማለማመድ ነበር። እንዲህ ባለው ሥርዓት ዕውቀት የቤት ንብረት ነው፤ ለባልደረባ በነጻ የሚሰጥበት ልማድ የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአይዳ ሙሉነህ የተመሠረተው የአዲስ ፎቶ ፌስት ፎቶ አንሺዎችን በአንድ መድረክ በማገናኘት ረገድ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በየሁለት ዓመቱ የሚደረግ ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ በየሳምንቱ የሚሰበሰብ የአካባቢ ክበብን አይተካም።

የአባልነትን ጉዳይ ለመረዳት ሦስት ንድፈ ሐሳቦች ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው የማንከር ኦልሰን (1965) ነው። ኦልሰን እንዳስረዳው ሰዎች የጋራ ጥቅም ስላላቸው ብቻ ለጋራ ጥቅም አይተባበሩም። ውጤቱ ላዋጣውም ላላዋጣውም እኩል የሚደርስ ከሆነ እያንዳንዱ ሌላው እንዲያዋጣ ይጠብቃል፤ ለአባል ብቻ የሚደርስ ጥቅም ከሌለ ትልቅ ስብስብ አይጸናም። ሁለተኛው በዚያው ዓመት ጄምስ ቡካነን ያቀረበው የክበብ ንድፈ ሐሳብ ነው። በዚህ መሠረት ክበብ ማለት አንድን ንብረት በተወሰኑ አባላት መካከል መጋራት ነው፤ አባል ሲጨምር የእያንዳንዱ መዋጮ ይቀንሳል፤ መጨናነቁ ግን ይጨምራል።

ሦስተኛው በተለይ ፎቶግራፍን የሚመለከት ነው። ፒየር ቡርድዩና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት ተራው ሰው ካሜራ የሚይዘው በዋናነት የቤተሰብን አንድነት ለማክበር እንደ ሆነ አሳይተዋል። ሰርግ፣ ክርስትናና በዓል የፎቶ ቀናት ናቸው። በዚያው ጥናት ሮበርት ካስቴልና ዶሚኒክ ሽናፐር ክበባትን መርምረው አንዳንዶቹ ሥነ ውበትን፣ ሌሎቹ ቴክኒክን እንደሚያስቀድሙ፣ ልዩነቱም ከአባላቱ ማኅበራዊ መደብ ጋር እንደሚያያዝ ጽፈዋል። የክበብ ሰው ከቤተሰብ አልበም ወጥቶ ፎቶን ለፎቶነቱ የሚፈልግ ነው። ይህ መውጣት በራሱ ማብራሪያ ይጠይቃል።

3. ትንተና

3.1. የፎቶው አገልግሎትና የክበቡ ዓላማ አለመገናኘት

በእኛም ኅብረተሰብ ፎቶ የሚነሣው ለሥርዓት ነው። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምረቃ፣ ጥምቀት፣ የመታወቂያና የሐዘን ፎቶ እያንዳንዳቸው ባለቤትና ምክንያት አላቸው። ካሜራ ይዞ ያለ ሥርዓት የሚንቀሳቀስ ሰው ግን «ለምንድን ነው የምታነሣው?» ከሚለው ጥያቄ አያመልጥም። «ለክበባችን» የሚለው መልስ ጠያቂውን አያሳርፍም። በጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ በተደጋጋሚ ይነሣል፤ ፎቶው ግን ብዙ ጊዜ ወደ እርሱ አይመለስም። ስለዚህ አዲሱ አባል ከቴክኒክ አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር የማኅበራዊ ፈቃድ ነው። ይህን እንዴት እንደሚወጣ የማያሠለጥን ክበብ ዓይን አፋር የሆኑትን፣ ምናልባትም ለሰው ክብር የሚጨነቁትን፣ ቀድሞ ያጣል።

3.2. መሣሪያን መጋራትና የሰርግ ወቅት

ለክበብ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ የመሣሪያ ውድነት ነው። ካሜራና ሌንስ ከውጭ በምንዛሪ የሚገቡ ናቸው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋቸው ከጀማሪው አቅም ይበልጥ ርቋል። በቡካነን አስተሳሰብ ይህ ክበብን የሚያጠናክር ሊመስል ይችላል፤ አሥር ሰዎች ተሰባስበው አንድ ጥሩ ሌንስ ቢገዙ ለእያንዳንዳቸው ይቀላልና።

የአካባቢው የጊዜ አቆጣጠር ግን ይህን ስሌት ያፈርሰዋል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ሰርግ በጾም ስለማይደረግ ሰርጎች ከጥምቀት በኋላ ባሉት የጥር ሳምንታትና ከፋሲካ በኋላ ባለው ወቅት ይጨናነቃሉ። ስለዚህ የጋራው ሌንስ ሁሉም በአንድ ቅዳሜ የሚፈልገው፣ በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀናት ደግሞ ማንም የማይነካው ንብረት ይሆናል። ጠቡ የሚነሣው በስስት ምክንያት አይደለም፤ ፍላጎቱ በአንድ ቀን ስለሚገጥም ነው። ከዚህ የሚመነጨው መላ ምት፣ በክበብ ውስጥ መሣሪያን መጋራት ለተማሪዎችና ለተመራማሪዎች ሲያመች ለሰርግ ፎቶ አንሺዎች ግን የመለያየት ምክንያት ይሆናል የሚል ነው። ለኋለኞቹ የሚስማማው ዕቁብ ነው፤ ዕጣ የወጣለት አባል የራሱን ሌንስ ይገዛል፤ መሣሪያው የግል፣ ቁጠባው የጋራ ይሆናል።

ይኸው የጊዜ አቆጣጠር ሌላ ዕድልም ይሰጣል። ባለሙያው ፋታ የሚያገኘው በጾም ወራት ነው። ሥልጠናውንና ጉዞውን በጥር የሚያቅድ ክበብ ልምድ ያላቸውን ሰዎች ራሱ ያገልላል፤ በነቢያት ጾምና በዐቢይ ጾም የሚያቅድ ግን ያለ ተጨማሪ ወጪ ያገኛቸዋል።

3.3. ዕውቀትን ማካፈልና የገበያ ሥጋት

ሮበርት ስቴቢንስ እ.ኤ.አ. በ1982 ባቀረበው ሐሳብ በትርፍ ጊዜ የሚሠራን ሥራ እንደ ሙያ በትጋት የሚይዙ ሰዎችን ከተራው መዝናኛ ፈላጊ ለይቷል። በባሕር ዳር ሁኔታ ግን በትርፍ ጊዜ ሠራተኛና በባለሙያ መካከል ያለው ድንበር ቀጭን ነው። ዛሬ ለደስታው የሚያነሣ ተማሪ በሚመጣው ጥር የዘመዱን ሰርግ በግማሽ ዋጋ ሊያነሣ ይችላል። በሙያው ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው የብርሃን አጠቃቀሙንና የአልበም አሠራሩን ለዚህ ተማሪ በነጻ ሲያስተምር የነገ ተፎካካሪውን እያሠለጠነ ነው። ከክበብ መራቁ ትዕቢት ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ሒሳብ ነው።

በሌላ ወገን ጀማሪው መሠረታዊ ትምህርቱን ከዩቲዩብና ከቴሌግራም ያገኛል። ክበቡ ቀድሞ ብቸኛ የዕውቀት ምንጭ ሊሆን ይችል ነበር፤ አሁን ግን ስለ መክፈቻና ስለ ፍጥነት የሚሰጠው ገለጻ ማንንም ከዘንዘልማ ወደ ከተማ በባጃጅ አያመጣም። ሊያመጣው የሚችለው በስልክ የማይገኘው ነገር ነው፤ ሥራውን አይቶ እውነቱን የሚነግረው ሰው።

3.4. ይሉኝታና ሂስ

የክበብ ልዩ ጥቅም ሂስ ነው ካልን የሚያሰናክለውም እዚያው ላይ ነው። በሰው ፊት የባልደረባን ሥራ መንቀፍ በይሉኝታ የተከለከለ ያህል ነው። ታላቁ ሲያሳይ ታናሹ ያደንቃል፤ ታናሹ ሲያሳይ ታላቁ «በርታ» ይላል። ሁለቱም ቃላት ደግ ናቸው፤ ነገር ግን አያስተምሩም። ከጥቂት ስብሰባ በኋላ ትጉው አባል ምንም እንዳልተማረ ይሰማውና ይቀራል፤ መቅረቱንም ሰው እንዳይቀየመው በ«ጊዜ አጣሁ» ያስተባብላል። ስለዚህ በቃለ መጠይቅ «ጊዜ የለኝም» የሚል መልስ የሚሰበስብ ተመራማሪ ምክንያቱን አገኘሁ ከማለቱ በፊት ከመልሱ በስተጀርባ ያለውን ሊጠይቅ ይገባል።

ይሉኝታን መስበር አያስፈልግም፤ መንገድ መስጠት ይበቃል። ፎቶዎች ያለ አንሺው ስም ቢቀርቡና አስተያየቱ በተወሰኑ ጥያቄዎች ቢመራ ንግግሩ ከሰውየው ወደ ሥራው ይዞራል። ዐይን መጀመሪያ የት ያርፋል? ምን ቢወጣ ምስሉ አይጎድልም? እንዲህ ያለው ሥርዓት የመሣሪያን ተዋረድም ያለዝባል። «ካሜራህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በእጅ ስልክ የሚሠራውን ከካኖንና ከኒኮን ባለቤት በታች ያስቀምጠዋል፤ ስም አልባው ምስል ግን የተነሣበትን መሣሪያ አይናገርም።

3.5. መንገድ፣ ፆታና ፈቃድ

ስብሰባው በከተማ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሲሆን ከዘንዘልማ የሚመጣ አባል የመመለሻ ትራንስፖርት ያስጨንቀዋል። ጭንቀቱ ለሴት አባል ይበልጥ ይከብዳል፤ ካሜራ ይዞ ማምሸት ለእርሷ ሁለት ዐይነት ዕይታን ይጋብዛልና። ጉዞውም እንዲሁ አባላትን በእኩል አያስተናግድም። ከባሕር ዳር በጀልባ ከሚደረጉ የፎቶ ጉዞዎች ዋናዎቹ ወደ ገዳማት ናቸው። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉት ግን በሥርዓታቸው ሴት አያስገቡም። የገዳሙ ሥርዓት ሊከበር ይገባል፤ ሆኖም የዓመቱን ትልቅ ጉዞ ወደዚያ ያደረገ ክበብ ግማሽ አባላቱን ጀልባ ላይ ለማስቀረት ወስኗል ማለት ነው። የሁለቱም ፆታ ምእመናንና ጎብኚዎች የሚገቡባቸው የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት በቅርብ አሉ።

የፈቃድ ጉዳይም አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅና በክልሉ በቀጠለው ግጭት ምክንያት በአደባባይ ካሜራ ማውጣት ጥርጣሬ ሊያስከትል እንደሚችል ማንኛውም ፎቶ አንሺ ያስባል። ድሮንም ያለ ፈቃድ አይነሣም። በዚህ ረገድ ክበብ ተቃራኒ ሁለት ፊት አለው። መታወቂያና የትብብር ደብዳቤ ያለው ክበብ ግለሰብ የማያገኘውን ከለላ ይሰጣል። በሌላ በኩል ስም መመዝገብ ራሱ የሚያስፈራቸው አሉ። ከደርግ ዘመን የቀበሌና የወጣት ማኅበራት ጀምሮ «መደራጀት» ከግዴታ ጋር፣ በኋላም ከብድርና ከድጋፍ ጋር ተያይዞ ኖሯል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ዐዋጅ ቁጥር 1113/2011 የመደራጀትን ሕጋዊ ቦታ ቢያሰፋም የቆየውን ትርጉም ዐዋጅ ብቻውን አይለውጠውም።

3.6. ከዕድር ጋር ሲነጻጸር

ዕድር ለምን ይጸናል? አባሉ ቢወጣ ምን እንደሚያጣ አስቀድሞ ያውቃል። መዋጮው፣ ቅጣቱና ተራው ግልጽ ናቸው፤ የሚገኘውም ጥቅም በገንዘብ አይገዛም፤ በሐዘን ቀን ብቻን አለመሆን ነውና። ይህ ኦልሰን ለአባል ብቻ የሚደርስ ጥቅም ካለው ጋር ይስማማል። የፎቶግራፍ ክበብን ይዘን «ብወጣ ምን አጣለሁ?» ብለን ብንጠይቅ ብዙ ጊዜ መልሱ «ምንም» ነው። ክበቡ የሚሰጠው መረጃ፣ ትውውቅና ዐውደ ርእይ አባል ላልሆነውም ክፍት ነው። ስለዚህ ዕድሩን የማያጓድለው ሰው ክበቡን ሲያጓድል ጠባዩ አልተለወጠም፤ የቀረበለት ውል ተለውጧል።

4. ከጋራ ዝንባሌ ወደ ጋራ ሥራ

ከላይ የታዩት ሦስት ዐይነት ሰዎች፣ ማለትም ጀማሪው፣ ባለሙያውና ካሜራን ለጥናት የሚጠቀመው ተመራማሪ፣ ከክበብ የሚፈልጉት ይለያያል፤ የአንዱ ጥቅም የሌላው ሥጋት የሚሆንበት ጊዜም አለ። በዝንባሌ ሊስማሙ አይገደዱም። አንዳቸውም ብቻቸውን የማይሠሩት አንድ ሥራ ግን ሊያገናኛቸው ይችላል። ለዘንዘልማ ይህ ሥራ ተደጋጋሚ ፎቶግራፍ ነው፤ የአንድን ቦታ ገጽታ ከአንድ መቆሚያ፣ በአንድ አቅጣጫና በአንድ ወቅት በየዓመቱ ማንሣት።

የስልቱ ፋይዳ በኢትዮጵያ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የመሐንዲስ ክፍል በመንገዱ ያነሣቸውን ፎቶዎች ጃን ኒሰንና ባልደረቦቹ ፈልገው፣ ቦታዎቹን አግኝተው፣ ከመቶ ዐርባ ዓመት በኋላ እንደገና አነሡ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት በሰሜን ኢትዮጵያ በተነጻጸሩት ቦታዎች የዕፅዋት ሽፋንና የአፈር ጥበቃ በአመዛኙ ተሻሽሎ መገኘቱን አሳየ፤ መሬቱ ያለማቋረጥ እየተራቆተ ሄደ የሚለውን የተለመደ አባባልም ተገዳደረ። የጦር ሠራዊት ለሌላ ዓላማ ያነሣው ምስል ይህን ያህል ካስረዳ፣ ለዓላማው ታስቦ የሚነሣው ምን ያህል ሊያስረዳ ይችላል?

በጣና ዳርቻ የሚመዘገብ ነገር አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ መስፋፋቱና መቀነሱ፣ የደንገል መመናመን፣ የባሕር ዛፍና የጫት ማሳ መበራከት፣ የከተማው ወደ እርሻ መሬት መግፋት ሁሉም በዐይን የሚታዩ ለውጦች ናቸው። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ መመዝገቡም ለክትትሉ ተጨማሪ ምክንያት ነው። የሳተላይት ምስል ስፋቱን ያሳያል፤ የአጥሩን ዐይነት፣ የዛፉን ቁመትና የጎርፉን ቦይ ግን በሰው ቁመት የተነሣ ፎቶ ይበልጥ ይናገራል።

ይህ ሥራ የየወገኑን ምክንያት ይመልሳል። ውድ ሌንስ አይጠይቅም፤ መቆሚያው፣ ቀኑና አቅጣጫው እስከ ተመዘገበ ድረስ የእጅ ስልክ ይበቃል። የባለሙያውን ገበያ አይነካም። ሂሱም ስለ ተሰጥኦ መሆኑ ቀርቶ ስለ ትክክለኛነት ይሆናል፤ «መቆሚያህ ሦስት እርምጃ ወደ ግራ ነበር» ማለት ማንንም አያስቀይምም። «ለምን ታነሣለህ?» ለሚለው የገበሬው ጥያቄም መልስ ይገኛል፤ የዛሬ ዓመት ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጎ ለባለ ማሳው ማሳየት ይቻላል። ከሁሉ በላይ አባሉ ሲወጣ የሚያጣው ነገር ይኖረዋል፤ የጀመረው ተከታታይ መዝገብ ይቋረጣል፤ ስሙም ከመዝገቡ ላይ ይቆማል።

5. መደምደሚያ

የጽሑፉ መላ ምቶች በመስክ ሊፈተኑ ይገባል። ፈተናውም በአባላት ላይ ብቻ ቢያተኩር የተሳሳተ ሥዕል ይሰጣል። ይበልጥ የሚያስተምሩት ገብተው የወጡትና ተጋብዘው ያልገቡት ናቸው። ተመራማሪው በጥርና በዐቢይ ጾም የሚታየውን የተሳትፎ ልዩነት ቢያነጻጽር፣ የስብሰባው ቦታ አንድ ጊዜ በከተማ አንድ ጊዜ በዘንዘልማ ሲሆን ማን እንደሚመጣ ቢመዘግብ፣ ያው ሰው ለዕድሩና ለክበቡ የሚሰጠውን ጊዜ ቢያስተያይ ከ«ጊዜ የለኝም» በስተጀርባ ያለውን ምክንያት ለማየት ይችላል።

ክበብ ለሚያቋቁሙ ተማሪዎችና መምህራን የሚከተለው ሐሳብ ይቀርባል። የዓመቱ መርሐ ግብር የአካባቢውን የሰርግና የጾም ወራት አይቶ ይውጣ። ስብሰባው በቀን ብርሃን፣ አንዱ በከተማ አንዱ በዘንዘልማ ይሁን። ለጉዞ የሚመረጠው ቦታ ለሁሉም አባላት ክፍት ይሁን። ሂሱ ስም በሌለው ምስል ላይ ይካሄድ። የትብብር ደብዳቤው ጉዞው ከመታቀዱ በፊት ይገኝ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ክበቡ በየዓመቱ ተመልሶ የሚያነሣቸውን ጥቂት ቦታዎች ይምረጥና መቆሚያቸውን በምልክት ያጽና። ተማሪው ተመርቆ ይሄዳል፤ የመረጠው መቆሚያ ግን ለሚቀጥለው ተማሪ ይቀራል።